በራሱ ቁስል እንጨት የሰደደ ሐኪም
የሰር ሄንሪ ሄድ የሕይወት ታሪክ

ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ዓይንና ጆሮ ብዙ አመስጋኝ አላቸው። ባለቅኔው ያወድሳቸዋል፥ ሠዓሊውና ዘፋኙም እንጀራቸውን ይበሉባቸዋል። መዳሰስ ግን ሌት ተቀን እየሠራ ማንም ልብ የማይለው አገልጋይ ነው። በጨለማ ደረጃ ስንወጣ እግራችን የት እንዳለ የሚነግረን፥ ዓይናችንን ጨፍነን ብንጎርስ እንኳ ጉርሻውን ሳያሳስት ወደ አፋችን የሚያደርስልን፥ የጋለ ምጣድ ስንነካ ገና ሳናስበው እጃችንን መንጭቆ የሚያስነሣን እርሱ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ የአንድ ሕዋስ ሥራ ነውን? ባዘቶ ጥጥ ቆዳችንን ሲነካው የሚሰማን ነገርና እሾኽ ሲወጋን የሚሰማን ነገር መጠናቸው የተለያየ አንድ ስሜት ናቸው ወይስ በየራሳቸው መንገድ የሚጓዙ ሁለት ባለጉዳዮች? ከዚህም የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ሕመም ለታመመው ሰው ብቻ የሚሰማ ከሆነ፥ ሌላው ሰው እንዴት ሊያውቀው ይችላል?

ይህን ለማወቅ ሲል የገዛ ክንዱን ነርቭ በፈቃዱ ያስቆረጠ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበረ፤ ስሙ ሄንሪ ሄድ ይባላል። በሀገራችን በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባል ተረት አለ። ሌላው በሚታመመው መጫወትም ሆነ መፍረድ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ለማመልከት የተነገረ ነው። ሄድ ግን እንጨቱን የሰደደው በራሱ ቁስል ነው፤ ያውም ለአንድ ቀን ሳይሆን ከአራት ዓመት በላይ። በሕክምና ፋኩልቲ ያሉ ጓደኞቻችን ስሙን ከመጽሐፋቸው ያውቁት ይሆናል። እኛ ግን ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና የምንማረው ልናውቀው የሚገባን ሰው መስሎ ስለ ታየኝ ታሪኩን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሄድ በኦገስት 4 ቀን 1861 በለንደን ከተማ ስቶክ ኒዊንግተን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ወገን ሲሆን፥ አባቱ ሎይድስ በተባለው የመድን ገበያ የሚሠራ ሰው ነበረ። ቻርተርሃውስ በሚባለው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ጥቂት ጊዜ ጀርመን ሀገር ሃሌ ላይ ቈይቶ በ1880 በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቱንም በአንደኛ ማዕረግ ፈጸመ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት አልገባም። ወደ ፕራግ ተጉዞ ኤዋልድ ሄሪንግ በሚባለው በስሜት ሕዋሳት ምርምር እጅግ በታወቀው ሊቅ ሥር ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። እዚያ የመረመረው ነገር ሳንባን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ አተነፋፈስን እንዴት እንደሚቈጣጠር ነበረ። ከሄሪንግ የቀሰመው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሰው ስለሚሰማው ነገር የሚሰጠው ቃል፥ በጥንቃቄ ከተጠየቀና በጥንቃቄ ከተመዘገበ፥ እንደ ሚዛንና እንደ ቴርሞሜትር የሳይንስ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በዚያ ቤት አየ።

ወደ ሀገሩ ተመልሶ የሕክምና ማዕረጉን ከተቀበለ በኋላ በለንደን ሐኪም ቤቶች ሲሠራ አንድ እንግዳ ነገር ትኵረቱን ሳበው። ልቡን የታመመው ሰው ግራ ክንዴን አመመኝ ይላል። ሐሞት ከረጢቱ የታመመው ቀኝ ትከሻውን ያመለክታል። ጨጓራውን የታመመውም ከደረቱ በታች ያለው ቆዳው ልብስ ሲነካው እንኳ ይቈጠቍጠዋል። ቆዳው ቢመረመር ቁስል የለበትም፥ ትከሻውም ጤነኛ ነው። ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለውን ቃል ሲሰማ ሕመምተኛው ተሳስቷል ወይም አጋኗል ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ሄድ ግን ሕመምተኛውን አመነው። የስፒል ራስ ይዞ የብዙ ሰዎችን ቆዳ እየነካ፥ የሚያመውና የማያመው የሚለያዩበትን ድንበር በቀለም እያሰመረ፥ የውስጥ አካላት ሕመም በቆዳ ላይ የሚገለጥበትን ካርታ ሠራ። በ1892 ለዶክቶርነት ያቀረበው ጽሑፍ ይኸው ሲሆን፥ በተከታዩ ዓመት ብሬይን በሚባለው የነርቭ ሕክምና መጽሔት መታተም ጀመረ። እነዚያ ስፍራዎች እስከ ዛሬ በስሙ የሄድ ክልሎች ይባላሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከልብ የሚመጣው የሕመም መልእክትና ከግራ ክንድ ቆዳ የሚመጣው መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡት በተቀራረበ በር ነው፤ ከዚያም ወደ ላይ የሚወጡት አብረው ነው። አንጎል ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ በር ሲሰማ የኖረው የቆዳን ወሬ ነውና፥ የልብን ጩኸት ሲሰማ ከቆዳ የመጣ ይመስለዋል። እንግዲህ ሕመምተኛው አልዋሸም፥ አላጋነነምም። የሚሰማውን በትክክል ተናግሯል፤ ቃሉን መተርጐም ያቃተው ሰሚው ነበረ።

ይህን ካርታ ለማጥራት የረዳው ሌላ ሥቃይ ነው። በሀገራችን አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ በገላ አንድ ወገን ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣና እንደ እሳት የሚያቃጥል ነው። ሄድ ከአልፍሬድ ካምቤል ጋር ሆኖ ይህ በሽታ ይዟቸው የነበሩና በኋላ የሞቱ የ21 ሰዎችን አስከሬን መረመረ። ሽፍታው የወጣበት ቆዳ ነርቭ ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ የሚቋጠርበት ትንሽ እብጠት አለ፤ ጕዳቱን ያገኙት በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሽታው ራሱ እያንዳንዱ ቋጠሮ የሚያስተዳድረውን የቆዳ ግዛት በገላ ላይ ሥሎ አሳያቸው። ሥራው በ1900 ታተመ፤ ከዚያ በፊት በ1899 ሄድ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመርጦ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሄድ የሚሠራው በምሥራቅ ለንደን በኋይትቻፕል በሚገኘው በለንደን ሆስፒታል ነበረ። ሰፈሩ የድኾችና የቀን ሠራተኞች ሰፈር ነው። ነርቫቸው የተቈረጠባቸው ሰዎች ይመጣሉ፥ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጄምስ ሸረን ይሰፋላቸዋል፥ ሄድም ስሜታቸው እንዴት እንደሚመለስ ወር በወር ይመረምራል። ሁለቱ ሐኪሞች አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። የተቈረጠው ነርቭ ሲያገግም ስሜቱ ሁሉ ባንድነት አይመለስም፤ አንዳንዱ ቀድሞ ይመጣል፥ አንዳንዱ ብዙ ዘግይቶ ይከተላል። የስሜት ዓይነቶች ተለያይተው ሊታዩ የሚችሉበት ዕድል ይህ ነበረ።

ነገር ግን ጥያቄው ጠለቅ ባለ ቍጥር ምስክሮቹ ደከሙ። የወደብ ሠራተኛ መቶ ጊዜ ተሰማህ ወይ ቢባል ይሰለቻል። ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት የሚመልስም አለ፤ ቶሎ ወደ ሥራው ካልተመለሰ ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩበትም አለ። ከሁሉም በላይ፥ በሁለት ስሜቶች መካከል ያለውን ረቂቅ ልዩነት ለመናገር ልምምድና ቃላት ያስፈልጋሉ። ከድኻ ሕመምተኛ ይህን ሁሉ መጠበቅ ግፍ እንደ ሆነ ሄድ ተረዳ። አንድ ጤነኛ ሰው ለሳይንስ ሲል ነርቩን እንዲያስቈርጥ መጠየቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ምስክሩ ራሱ ሐኪሙ ይሁን።

በኤፕሪል 25 ቀን 1903 ሄድ ለቀዶ ጥገና ተኛ። ዕድሜው 41 ነበረ። ሐኪሞቹ ሄንሪ ዲንና ያው ሸረን ናቸው። ከግራ ክንዱ ከክርኑ አጠገብ ወደ ቆዳ ብቻ የሚሄዱ ሁለት ነርቮች መርጠው ቈረጡ፥ ከያንዳንዱም ትንሽ ቍራጭ አወጡ፥ ከዚያም ጫፍና ጫፉን በሐር ክር ሰፍተው ቁስሉን ዘጉት። ነርቮቹ የቆዳ ብቻ ስለ ሆኑ እጁ ሽባ አይሆንም፤ ነገር ግን ስሜቱ በሙሉ ይመለስ አይመለስ ዋስትና የሚሰጥ ማንም አልነበረም። ለአንድ ሐኪም እጅ ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ሩት ሜይሂው ከምትባለው፥ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ከነበረችውና በኋላ ጸሐፊ ከሆነችው ሴት ጋር የተጋባውም በማግሥቱ ዓመት በ1904 ነው፤ ሙሽራው ክንዱ ገና ደንዝዞ ነበረ።

ሰው የራሱ ምስክር ሲሆን የራሱ ዳኛ መሆን አይገባውም። ስለዚህ መርማሪነቱን ወዳጁ ዊልያም ሪቨርስ ወሰደ። ሪቨርስ በካምብሪጅ የሴንት ጆንስ ኮሌጅ ሊቅ ሲሆን፥ የሥነ ልቦናና የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ነበረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ልባቸው የተሰበረ ወታደሮችን በማከም ስሙ ገነነ። ሄድ የሳምንቱን ሥራ ለንደን ላይ ጨርሶ በባቡር ወደ ካምብሪጅ ይሄዳል፥ በሪቨርስ ክፍል ውስጥ ያርፋል፥ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሪቨርስ በባዘቶ ይነካዋል፥ በስፒል ይወጋዋል፥ የኮምፓስ ሁለት ጫፎች አቀራርቦ ያሳርፍበታል፥ በረዶና ሙቅ ውኃ የያዙ ቱቦዎች ያስነካዋል። ሄድ የሚሰማውን ይናገራል፥ ሪቨርስ ይጽፋል። መልሱ ልክ ይሁን ስሕተት አይነገረውም። ሐሳቡ እንዳይደበዝዝ ሄድ ትንባሆ ማጨስ ትቶ ነበር። እንዲህ እያሉ እስከ 1907 መጨረሻ ድረስ 167 ቀን ሠሩ።

ያገኙት ነገር ምን ነበረ? ነርቩ እንደ ተቈረጠ የክንዱና የእጁ ጀርባ አንድ ክፍል ለባዘቶም፥ ለመርፌም፥ ለብርድም፥ ለሙቀትም ሞተ። ነገር ግን ያንኑ የደነዘዘ ቆዳ በጣት ወይም በእርሳስ ጀርባ ጫን ሲሉት ሄድ የተጫኑትን ቦታ ሳይሳሳት ያመለክት ነበር። ከቆዳ በታች በጡንቻና በጅማት የሚኖር፥ ከጡንቻ ነርቮች ጋር የሚጓዝ ሌላ ስሜት አለ ማለት ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችን መታጠፉንና መዘርጋቱን የምናውቀውም ከዚያ ከጥልቁ በሚመጣ ወሬ ነው። ይህን ጥልቅ ስሜት ብለው ጠሩት።

ከዚያ ወራት እየተቈጠሩ ሲሄዱ የመርፌው ሕመም ተመለሰ፤ አመላለሱ ግን እንግዳ ነበረ። በጤነኛው ክንድ ላይ ጥቂት የምትወጋ ስፒል በዚያኛው ላይ ስታርፍ የሚያስጨንቅና የሚሰራጭ ሥቃይ ሆነች። ሄድ ትንሽ ትልቁን አይለይም፥ የተወጋበትንም ቦታ በትክክል አያውቅም፤ አንዳንዴ አንጓው ላይ ተወግቶ አውራ ጣቱ ላይ የተወጋ ይመስለዋል። በረዶውንና በጣም የሞቀውን ያውቃል፥ ለብ ያለውን ግን አያውቅም። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው ባዘቶን የሚያውቀው፥ የኮምፓሱን ሁለት ጫፎች ለይቶ የሚቈጥረው፥ ለብታን የሚያጣጥመው ረቂቅ ስሜት ቀስ እያለ የመጣው። እርሱም ሲመጣ ያ ያልተገራ ሥቃይ ከቦታው ለቀቀ፤ መርፌ መርፌ ብቻ ሆነች።

ከዚህ ተነሥተው ሄድና ሪቨርስ ቆዳ ሁለት ሥርዓት አለው አሉ። አንደኛው ጥንታዊ፥ ጨካኝ፥ ሁሉን ወይም ምንም የማያውቅ፥ ለሕይወት መጠበቂያ የተሰጠ ነው፤ ከግሪክኛ ቃል አውጥተው ፕሮቶፓቲክ አሉት። ሁለተኛው በኋላ የመጣ፥ ለይቶ የሚያውቅ፥ የመጀመሪያውንም የሚገራ ነው፤ ኤፒክሪቲክ አሉት። ጽሑፉ በ1908 በብሬይን መጽሔት ሲታተም ብዙ ሰው አስደነቀ። ሐሳቡም ከቆዳ አልፎ ሄደ። ሪቨርስ የሰው ልቦና ራሱ እንዲህ ነው፥ በታች ያልተገራ ጥንታዊ ስሜት አለ፥ በላይ የሚገዛው አእምሮ አለ፥ ጦርነት ሲመጣ የላይኛው ይሰበርና የታችኛው ይወጣል ወደሚል ሐሳብ አሰፋው።

ትምህርቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልክ አልነበረም። ገና በ1909 ዊልፍሬድ ትሮተርና ሞሪስተን ዴቪስ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ሄድን ለመፈተን የገዛ ራሳቸውን ሰባት የቆዳ ነርቮች አስቈረጡ። በ1916 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዊን ቦሪንግ በራሱ ክንድ ያደረገውን ተመሳሳይ ሙከራ አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ሄድ ያየውን ብዙ ነገር አዩ፤ ነገር ግን ሁለት ጥርት ያሉ ሥርዓቶች አላገኙም። ስሜቱ ተለያይቶ በሁለት ረድፍ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ያም ያልተገራ ሥቃይ የጥንት አውሬ ቅሪት ሳይሆን በማገገም ላይ ያለ ነርቭ ጠባይ ነው አሉ።

በዛሬው ዕውቀት ነገሩ ከሁለቱም ወገን ይልቅ የረቀቀ ነው። በአንድ ነርቭ ውስጥ ብዙ ዓይነት ክሮች አሉ። የዳሰሳና የአካል አቋም ወሬ የሚያመጡት ወፍራምና ስብ የለበሱ ስለ ሆኑ መልእክታቸው በሰኮንድ ብዙ ዐሥር ሜትር ይሮጣል። ከሕመም ክሮች መካከል ግን ስብ ያልለበሱት ቀጫጭኖች በሰኮንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛሉ። የእግራችን ጣት ድንጋይ ሲመታው መጀመሪያ መመታታችንን አውቀን፥ ጥቂት ቈይቶ ያ የሚያንገበግበው ሕመም የሚደርስብን ስለዚህ ነው። በኅብለ ሰረሰርም ውስጥ መንገዳቸው ይለያያል። የዳሰሳና የአቋም መልእክት በገባበት ጎን በጀርባ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ የሕመምና የሙቀት መልእክት ግን ወደ ማዶ ተሻግሮ ይወጣል። በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ከዚህ አልፈው በሮቹን ራሳቸውን አገኙ። ሙቀትና የሚጥሚጣ ማቃጠል የሚከፍቱት በር አንድ መሆኑ፥ ረጋ ያለ ዳሰሳና የጡንቻ መወጠር የሚከፍቱትም ሌላ በር መኖሩ በእነርሱ ሥራ ታወቀ። እንግዲህ ስሜት አንድ አይደለም የሚለው የሄድ ዋና ጥርጣሬ ጸንቷል፤ ሁለት ብቻ ናቸው ያለው ግን ወድቋል።

ታዲያ ክንዱ በከንቱ ተቈረጠ ማለት ነውን? እኔስ አይመስለኝም። ሄድና ሪቨርስ ያዩትን ሁሉ ከነቀኑ፥ ለሐሳባቸው የሚመቸውንም የማይመቸውንም ጽፈው ስለ ተዉት፥ ሌሎቹ ሊቃወሟቸው የቻሉት የእነርሱን መንገድ ተከትለው ነው። ያልተሳሳተ ሊቅ ፈልጎ ያገኘ የለም። ስሕተቱ እንዲገለጥ ደጁን ከፍቶ የሚተው ግን ጥቂት ነው።

ሄድም በዚህ አላቆመም። ከጎርደን ሆምስ ጋር ሆኖ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን መረመረ። በ1911 ባሳተሙት ጥናት፥ ሰው የአካሉን አቋም የሚያውቀው ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ራሱን በሚያድስ የማይታይ ንድፍ አማካይነት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ንድፍ በቆዳችን አይወሰንም። በዘመኑ ረጅም ላባ ያለው ባርኔጣ የምታደርግ ሴት በር ስታልፍ ላባውን ሳታስነካ ጐንበስ ትል ነበርና፥ አካሏ እስከ ላባው ጫፍ ይደርሳል አሉ። ዓይነ ስውር በዱላው ጫፍ ጠጠሩን ከአፈሩ ሲለይ፥ ጸሐፊም በብዕሩ ጫፍ የወረቀቱን ሻካራነት ሲያውቅ ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ እጃቸው ተቈርጦ ሳለ የሌለው እጅ የሚያማቸውን ሰዎች ለመረዳት ከሚጥሩት ብዙዎቹ ከዚህ ንድፍ ሐሳብ ይነሣሉ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራሳቸውን በጥይት ተመትተው ንግግር የጠፋባቸውን ወታደሮች ሲመረምር ቈይቶ፥ በ1926 አፋዚያ ስለሚባለው ስለዚህ ሕመም ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ አወጣ። በዚህም ውስጥ ያው የጥንቱ ጠባዩ ይታያል፤ ሕመምተኞቹን የሚያያቸው እንደ ተበላሹ መኪናዎች ሳይሆን የሚናገሩት ያላቸው ምስክሮች አድርጎ ነው። በ1927 ሰር ተባለ። ለእኛ ፋኩልቲ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ልጨምር፤ ሄድ ግጥም ይወድድ፥ ግጥም ይጽፍም ነበር፤ በ1919 የግጥም መጽሐፍ አሳትሟል። ከደራሲው ቶማስ ሃርዲና ከባለቅኔው ዚግፍሪድ ሳሱን ጋርም ወዳጅነት ነበረው። የቆዳን ስሜት በቃላት ለመለየት 167 ቀን የተቀመጠ ሰው ቃላት ቢወድድ የሚያስገርም አይደለም።

የመጨረሻው ዘመኑ ከባድ ሆነ። ፓርኪንሰን የሚባለው፥ እጅን የሚያንቀጠቅጥና ጡንቻን የሚያደርቅ የነርቭ በሽታ ያዘው። አካል ሲታዘዝና እንዴት እንደሚታዘዝ ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ሰው የገዛ አካሉ መታዘዝ ሲያቆም ቀስ በቀስ ያይ ነበር። ይህኛውን ግን በፈቃዱ አልመረጠውም፤ ሐር ክርም የሚሰፋው አይደለም። ከሐኪም ቤት ሥራው ከራቀ በኋላ ከሩት ጋር በገጠር ኖረ፤ እየከበደው የሄደውን አካል አብራ የተሸከመችው እርሷ ነበረች። ሩት በ1939 ሞተች፤ ሄድም በኦገስት ሳይሆን በመከር፥ በኦክቶበር 8 ቀን 1940፥ በጦርነት ዘመን በሬዲንግ ከተማ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

በዘመናችን የሰውን አንጎል ሳይከፍቱ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። ሆኖም አንድ ሰው ምን ያህል እንደ ታመመ በእርግጠኝነት የሚለካ መሣሪያ እስከ አሁን አልተሠራም። ሕመምን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2020 የሕመምን ትርጕም ባሻሻለ ጊዜ፥ አንድ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል ብሎ ከትርጕሙ ጋር አያይዞ አስታወቀ። ይህን ለመጻፍ እጅግ ብዙ ዘመን ፈጀ። ሄድ ግን ገና በ1892 ጤነኛ ትከሻውን እያመለከተ የሚያቃስት ሕመምተኛ ሲያይ ውሸታም ነው ሳይል ካርታ መሣል ጀመረ፤ ካርታው አልበቃ ሲለውም ክንዱን ዘረጋ። ከጓደኞቻችን መካከል ነገ ነጭ ካባ ለብሰው በሐኪም ቤት የሚቆሙ አሉ፥ በዳኝነት ወንበርና በአስተዳደር ቢሮ የሚቀመጡም አሉ። አንድ ቀን ቁስሉ የማይታይ ሰው ከፊታቸው ቆሞ አመመኝ ይላል። ያን ጊዜ የሚጠየቁት ሄድ የተጠየቀውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው፤ ያምኑታል ወይስ አያምኑትም?